የክፍል ጓደኛን ክብደት ጮክ ብሎ ማንበብ የትምህርቱ አካል ነው ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ለሕክምና፣ ለነርሲንግ፣ ለሚድዋይፍሪ፣ ለፋርማሲ፣ ለፊዚዮቴራፒ፣ ለጥርስ ሕክምናና ለሥነ ምግብ ተማሪዎች ነው። አስተማሪዎችም ብትሳተፉ ደስ ይለኛል።

በእኛ ሙያ የተማሪው ሰውነት ራሱ ማስተማሪያ ነው። ሌላ ዘርፍ የሚማር ሰው ሸሚዙን አውልቆ ጓደኞቹ ፊት አይቆምም፣ ወገቡ በሜትር አይለካም፣ የክንዱ ቆዳ ከነስቡ በመቆንጠጫ ተይዞ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አይነገርለትም። እኛ ይህን ሁሉ እናደርጋለን፣ ይደረግብናልም። ገና በመጀመሪያው ዓመት እርስ በርስ እንመዛዘናለን፣ ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር) እናሰላለን፣ በብዙ ቦታ ደግሞ ውጤቱ ስም እየተጠራ ይነበባል። ከዚያ ወደ ንድፈ ሐሳቡ ክፍል ተመልሰን ስለ አመጋገብ መታወክ ሕመሞች እንማራለን፤ ችግሩ ያለው ከበሽተኛው ዘንድ ብቻ እንደሆነ አድርገን።

እኔ የምለው፣ እውቀቱ አይከላከልልንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔት ከ40 በላይ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አጠቃሎ ባወጣው ትንተና፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶው በመጠይቅ ሲመዘኑ የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል፣ 11.1 በመቶው ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶባቸው ያውቃል። ምልክቱ ከታየባቸው መካከል እርዳታ የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ የተጠቃለለ ትንተና ደግሞ ከሕክምና ተማሪዎች 10.4 በመቶ ያህሉ ለአመጋገብ መታወክ ተጋላጭ ሆነው መገኘታቸውን ያሳያል። ዋርድ ውስጥ ከዐሥር ሰው አንዱን የሚነካ ነገር ብናይ በራውንድ፣ ሐኪሞች ሕሙማንን እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት፣ እናነሳው ነበር።

ስለዚህ ልጠይቅ። በእናንተ ትምህርት ቤት የተማሪ ሰውነት ለልምምድ ሲፈለግ ፈቃዱ ይጠየቃል? እምቢ ያለ ሰው ምን ይገጥመዋል? ክብደትና ልኬት ለምን በይፋ ይነበባል? ሳይነበብ ቢቀር ከትምህርቱ የሚጎድል ነገር አለ? እኔ የሚጎድል ነገር የለም ባይ ነኝ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ግን ይምጣና ያስረዳ።

የተሰጡ መልሶች

ክሩ (ከዚህ ጥያቄ ሥር የተከተለው ውይይት) ረዝሞ ዘግይተው የገቡ ሰዎች ሲቸገሩ ስላየሁ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የሰውን ማንነት ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

1ኛ መልስ። የነርሲንግ ተማሪ ናት። ሙሉ በሙሉ እንደምትስማማ ገልጻ የራሷን ክፍል ሁኔታ ተረከች። ሚዛኑ የተቀመጠው ከፊት፣ ከሰሌዳው አጠገብ ነበር። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ቁጥሩን ይጠራል፣ ሦስተኛው በሰማያዊ ማርከር ከስሙ ትይዩ ይጽፋል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሰሌዳውን ያጠፋ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ የገባው ክፍል የተማሪዎቹን ስም ከነክብደታቸው ተጽፎ አገኘ፣ አንዱ በስልኩ አነሳው፣ ምሽት ላይ ፎቶው በቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር ነበር። በዝርዝሩ ከፍተኛው ቁጥር የተጻፈባት ልጅ ከዚያ ወዲህ ልምምድ ባለበት ቀን ሁሉ አሞኛል እያለች መቅረት ጀመረች። ዝቅተኛው ቁጥር የተጻፈባት ደግሞ እንኳን ደስ አለሽ ተባለች፤ እሷ ግን በዚያን ጊዜ በእርግጥ ታማ ነበር። በማጠቃለያዋ ከሩብ በላይ የምንሆነው የድባቴ ሕሙማን ነን ብላ ጽፋለች፤ ይህ በኋላ እርማት ተሰጥቶበታል።

2ኛ መልስ። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነው። ነገሩ የሴቶች ብቻ እየመሰለ መሄዱ ስላሳሰበው እንደጻፈ ተናግሯል። በእነሱ ትምህርት የጀርባ አጥንትን በእጅ ዳሶ መለየት፣ የትከሻን እንቅስቃሴ ከጎን ሆኖ ማየት የየዕለት ሥራ ነው፤ ልብስ መውለቅ አለበት። እሱ ከጉርምስናው ጀምሮ በወንዶች ላይ የሚታየው የጡት ማበጥ አለበት። መላ ያለው ሁልጊዜ መርማሪ መሆን ነበር፤ መጀመሪያ እጁን ያወጣል፣ ጓንቱንም ፎጣውንም እሱ ያመጣል፣ ተራው ሊደርስ ሲል መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። ጎበዝ ነው ተብሎ የተመሰገነበት ትጋት ከዚህ የመጣ መሆኑን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ይህን ካነበብኩ በኋላ በየክፍላችን ሁሌ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣውን ልጅ በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬአለሁ።

3ኛ መልስ። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። እስከዚህ ድረስ የነበረው ጨዋነት እዚህ ላይ ተቋረጠ። ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው ብሎ ነው የጀመረው። በሽተኛ በማያውቀው ሰው ፊት ልብሱን እያወለቀ ተማሪ ግን ሰውነቴ አይታይ ማለቱ አይዋጥልኝም አለ። እፍረቱን ያላሸነፈ ሰው የሌላውን እፍረት ማስተናገድ አይችልም፣ ሆስፒታል ውስጥ ማንም ሆዴ ባሰኝ የሚባል ነገር የሚሰማበት ጊዜ የለውም ብሎ፣ ሚዛን ላይ መውጣት ያቃተው ሌላ ሙያ ቢመርጥ ይሻለዋል ሲል ቋጨ።

4ኛ መልስ። የሚድዋይፍሪ ተማሪ ናት፤ ቃሏን አላለሰለሰችለትም። በሽተኛው የሚያወልቀው ተጠይቆ፣ መጋረጃ ተስቦለት፣ የማይፈለገው የሰውነቱ ክፍል በአንሶላ ተሸፍኖ ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በካርዱ ላይ ነው፣ ለጎረቤት አልጋ አይነበብም። በዋርድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብታደርግ ተጠያቂ የሚያደርግህ ተግባር በክፍል ውስጥ ሲሆን እንዴት ማጠንከሪያ ይሆናል ብላ ጠየቀችው። እሷ የምጥ ክትትል ስትማር መጀመሪያ የተነገራት የምትመረምራትን እናት ዓይን እያየች ፈቃድ እንድትጠይቅ ነው። ያንን ትሕትና ከማን ትማር? ካላዩባት አልተማረችውም። የ3ኛውን ጸሐፊ ወንድሜ እያለች ነው የጻፈችለት፤ ግን ከአንገት በላይ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

5ኛ መልስ። ክሊኒካዊ ክህሎት የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ለሁለቱም ወገን በእርጋታ መለሱ። ተማሪ በተማሪ ላይ መለማመዱ ትርጉም አለው ብለዋል፤ ቀዝቃዛ ስቴቶስኮፕ ደረት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ለበሽተኛው አሙቆ ያስቀምጥለታል። እሳቸው ግን ልምምዱን የሚያደርጉት አስቀድመው አስታውቀው፣ ጥንዶቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ትተው፣ መከለያ አቁመው ነው። እምቢ ያለ ተማሪ ምክንያት አይጠየቅም፣ ነጥብም አይቀነስበትም፤ በማስመሰያ አካል ይለማመዳል። ከዚያ 1ኛዋን ጸሐፊ በአክብሮት አረሟት። የማጣሪያ መጠይቅ ላይ ምልክት ማሳየትና የድባቴ ሕመም አለ ተብሎ መመርመር አንድ አይደሉም። 27.2 በመቶው የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በምርመራ እንደሚረጋገጥ ቁጥሩ አይናገርም። ይህን ልዩነት የማያውቅ የጤና ባለሙያ ሰው ያስደነግጣል ብለው ጨረሱ።

6ኛ መልስ። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነው፤ ወሬውን ወደ ቢኤምአይ ታሪክ ወሰደው። ቀመሩን በ1830ዎቹ ያወጣው ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም ሳይሆን የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሰው ነበር፤ የአንድን ሕዝብ አማካይ ሰው ሲፈልግ እንጂ የአንድን ግለሰብ ጤና ሲመረምር አላገኘውም። ዛሬ የምንጠራበትን ስም ያገኘው ከአሜሪካዊው አንሰል ኪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 25ን ከመጠን ላለፈ ክብደት፣ 30ን ለውፍረት ወሰን ቢያደርግም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያ ሕዝቦች 23ና 27.5 ላይ ጥንቃቄ እንዲጀመር የሚያመለክት ተጨማሪ ነጥብ ወጥቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 መስመሩ ወደ 25 ዝቅ ሲል በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰውነታቸው ሳይለወጥ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሚባሉት ጎራ ገቡ። እንዲህ ያለ መስመር በአንዲት የ19 ዓመት ልጅ ፊት ለፊት እንደ ፍርድ መነበቡ ያሳዝናል አለ። ከርዕሱ የወጣ ይመስላል እንጂ አልወጣም፤ ቁጥሩን የሚያነበው ተማሪ ምን እያነበበ እንደሆነ ቢያውቅ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

7ኛ መልስ። የሥነ ምግብ ተማሪ ናት። ቢኤምአይን እንዲህ ማንኳሰሱ እንደማያስኬድ አስጠነቀቀች፤ ከ18.5 በታች መሆንን፣ ማለትም ከመጠን በላይ መክሳትን፣ ቶሎ ለመለየት ቀላልና ርካሽ መንገድ ስለሆነ የሰው ሕይወት ያተርፋል። ስለ ኪስም ያልተነገረውን ጨመረች። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 ጤናማ የሆኑ 36 ወንድ ፈቃደኞችን ለ6 ወር ያህል ምግብ ቀንሰው ያጠኑ ናቸው። ሰዎቹ ከመክሳት አልፈው ጠባያቸው ተለወጠ፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ያስባሉ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስባሉ፣ ከጓደኛ ይሸሻሉ፣ ይነጫነጫሉ። ለዚህ ነው በራሷ ክፍል ትምህርቱን ትተው የሚሄዱትን ስታይ ሰነፎች ናቸው የማትለው፤ የተራበ አእምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አይችልም። ቀጥሎ ስለ ራሷ ጻፈች። ሥነ ምግብ የሚማር ሰው ካፌ ሲገባ ሁሉም ሳህኑን ያያል። ትንሽ ከበላች ታካብዳለች፣ ብዙ ከበላች አስመሳይ ናት። ጤናማ ለመብላት ያለው ጥንቃቄ ራሱ ሰውን ሲያስር ኦርቶሬክሲያ እንደሚባል፣ ስያሜውንም እ.ኤ.አ. በ1997 ስቲቨን ብራትማን እንዳመጣው ጠቅሳ፣ በእነሱ ዘርፍ ይህን ጥንካሬ ብለው የሚያደንቁት ሰዎች እንዳሉ ተናገረች።

8ኛ መልስ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው ወይም ናት፤ ጾታው አልተገለጸም። ሁለት መስመር ብቻ ነው። በመልክ አለመደሰት የሁሉም ሰው ነገር ከሆነ፣ ሕመም የሚሆነው ከየት ጀምሮ ነው? በዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ጠቃሚው ይህ ጥያቄ ይመስለኛል።

9ኛ መልስ። የመለሱት የሳይካትሪ ሬዚደንት (በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪም) ናቸው፤ በአንቱታ ነው ሁሉም ያናገራቸው። ጠቅለል ሳደርገው እንዲህ ነው። ማንም ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ቅር የሚለው ነገር አያጣም። መጠየቅ ያለበት ሐሳቡ ከቀኑ ስንቱን ሰዓት እንደሚወስድ፣ ምን እንደሚያስቀር ነው፤ ክፍል፣ ዋርድ፣ ጓደኛ፣ እንቅልፍ። ሌላው ሰው የማያየው ወይም እምብዛም የማያስተውለው ጉድለት ቀንና ሌሊት ካስጨነቀ፣ ደጋግሞ መስታወት ማየት፣ ቆዳ መጎርጎር፣ ራስን ከሌላው ጋር ማወዳደር ከተከተለ፣ ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር የሚባለው ሊሆን ይችላል። ጣሊያናዊው ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ እ.ኤ.አ. በ1891 የጻፉለት፣ ከ100 ሰው 2 ያህሉን የሚይዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ ከአባዜ ሕመሞች ጎን የተመደበ ነው። በንግግር ሕክምናና ለድባቴም በሚሰጡት በኤስኤስአርአይ መድኃኒቶች ይታከማል፤ የቁንጅና ቀዶ ሕክምና ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀቱን አይፈታውም። የአመጋገብ መታወክ ሌላ ሕመም ነው። ለእሱ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ስኮፍ የተባለው መጠይቅ 5 አጫጭር ጥያቄዎች አሉት፤ ለ2ቱ ወይም ከዚያ በላይ አዎ ያለ ሰው ወደ ባለሙያ ይሂድ ማለት ነው እንጂ ታመሃል ማለት አይደለም። አኖሬክሲያ (ሰው ውፍረት ፈርቶ ራሱን የሚያስርብበት ሕመም) ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ መሆኑን ሲጽፉ ለማስፈራራት ሳይሆን እንዳይቀለድበት ነው ብለዋል። ከዚያ አንድ ነገር አበክረው ተናገሩ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ነገ አይበል፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ ብቻውን አይሁን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በመጨረሻም ይህን አንብባችሁ የክፍል ጓደኞቻችሁን መመርመር እንዳትጀምሩ አሉ።

10ኛ መልስ። የፋርማሲ ተማሪ ናት። እስካሁን ስለ ክብደት ብቻ መወራቱን ነቅፋ ስለ ቆዳ አነሳች። በልምምድ መድኃኒት ቤት ቆማ፣ ቆዳ ያቀላሉ የሚባሉ ቅባቶችን ማን እንደሚገዛ ታያለች፤ ከገዢዎቹ መካከል የጤና ተማሪዎች አሉ። ክሎቤታዞል የተባለውን ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ፊት ላይ መቀባት ቆዳ ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ሲተዉትም ያቃጥላል። ሜርኩሪ ያለባቸው ኩላሊት ይጎዳሉ። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት በሚሊዮን ከ1 ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጫ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና ድንበር እንዳያልፍ ቢከለክልም ከገበያ አልጠፋም። ይህን ለፈተና አጥንተው ኤ ያመጡ ልጆች ማታ ማታ ይቀባሉ። እንደዚሁ የሚያስቀምጥና የሚያሸና መድኃኒት ለመክሳት የሚወስዱ አሉ፤ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት እንደሚዛባ ከማንም በላይ እያወቁ። መድኃኒቱ እጃችን ስር መሆኑ እኛን ከሌላው ተማሪ የበለጠ ለአደጋ ያጋልጠናል አለች። ስለ እውቀት በመነሻዬ ያልኩትን እሷ በተሻለ ማስረጃ አስቀመጠችው።

11ኛ መልስ። ሰው በገዛ ፊቱ ምን አገባችሁ የሚል ነው፤ ጸሐፊው 10ኛዋን ሰባኪ ብሏታል።

12ኛ መልስ። በአድሚን ተሰርዟል። ሳይሰረዝ አይቼዋለሁ። ስለ 10ኛዋ ጸሐፊ የመገለጫ ፎቶ የተጻፈ ነበር። በመልክ ሰውን መዝለፍ ምን እንደሚያደርስ በሚወራበት ክር ላይ ይህ መጻፉ አሳፍሮኛል፤ አድሚኑ ፈጥኖ ስላነሳው አመሰግነዋለሁ። እሷ ከዚያ በኋላ አልጻፈችም። ብትመለስ ደስ ይለናል።

13ኛ መልስ። ነገሩን ለማብረድ የገባ የራዲዮግራፊ ተማሪ ነው። ጂም ስለሚያዘወትሩ ወንዶች ጻፈ። ጡንቻቸው እያደገ እነሱ ግን ራሳቸውን ኮስማና አድርገው የሚያዩ አሉ፤ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ይህንን ለይተው አጥንተውታል። አብሮት የሚኖር ልጅ ከአዳር ተረኝነት ወጥቶ ሳይተኛ ብረት ያነሳል፣ ትከሻው ተጎድቶም አላቆመም። ጓደኞቹ ጽናቱን ያወድሳሉ። ወንድ ሲከሳ ይጠየቃል፣ ሲፈረጥም ግን ማንም ምን ሆንክ አይለውም አለ።

14ኛ መልስ። እዚህ ላይ ክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። አፍ ውስጥ መመርመር የተማሩት እርስ በርስ ነው። ትንሿን መስታወት ከጓደኛዋ የላይ የፊት ጥርሶች ኋላ አስገብታ መብራቱን ስታስተካክል፣ በምላስ በኩል ያለው ገጽ ልስልስ ብሎ፣ ከላይ ያለው ነጭ ሽፋን ሳስቶ፣ ከስሩ ያለው ቢጫ ክፍል ታያት። ከሳምንት በፊት ስለ ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ ራስን ስለማስታወክ ሕመም) ሲማሩ ስላይዱ ላይ ያዩት ምስል ነበር። ጓደኛዋ አፏን ከፍታ ጣሪያውን ታያለች። ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ወንበር አልፎ እየመጣ ነው። ቅጹ ላይ ያየችውን መጻፍ አለባት፤ ከጻፈች ሱፐርቫይዘሩ ለሁሉም ያሳያል፣ ካልጻፈች ዋሽታለች። መደበኛ ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ምን ላድርግ አለች።

15ኛ መልስ። የ5ኛው ጸሐፊ መምህር ተመለሱ። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ አስቀድመው ነገሯት፤ ተማሪ ተማሪን ሲመረምር ሕመም ቢገኝ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ያልወሰነው ትምህርት ቤቱ ነው። በልምምድ ላይ ያየሽው የጓደኛሽ ነገር የእሷ ንብረት ነው፤ ለመምህርም ለሌላ ጓደኛም ከመሄዱ በፊት ለራሷ ይነገር። ሰው በሌለበት፣ ሁለታችሁም ባልቸኮላችሁበት ሰዓት። ሕይወቷ አደጋ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካየሽ ግን ምስጢር ብለሽ ብቻሽን አትያዢው አሏት።

16ኛ መልስ። ሬዚደንቷ ሐኪም (ሴት መሆናቸውን እዚህ ላይ ነው ያወቅነው) አከሉበት። የዚህ ዓይነት የጥርስ መሟሟት ከጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የበሽታ ስም አትጥሪ። ያየሽውን ብቻ ንገሪያት፤ ጥርስሽ ከውስጥ በኩል ሳስቷል፣ አሳስቦኛል፣ ደኅና ነሽ ወይ። መልሷን ጠብቂ፤ ብትቆጣም አትከራከሪያት። ስለ ክብደቷ በበጎም በክፉም ምንም አትበዪ። ልታከም ካለች አብረሻት ሂጂ። በጣቷ መገጣጠሚያ ላይ (ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከቶ ማስታወክ የሚተወውን) ጠባሳ ፈልጊ የሚል ምክር ሌላ ሰው በግል ልኮላት ኖሮ፣ እሱን በቁጣ ነው የመለሱት፤ ጓደኛ ማስረጃ አይሰበስብም። የጥርስ ተማሪዋ ከሁለት ቀን በኋላ የራሷን 14ኛ መልስ አርማ አነጋግሬአታለሁ፣ አለቀሰች፣ ቀጠሮ ይዘናል ብላ ጻፈች። ሌላ ዝርዝር አልሰጠችም፤ ማንም አልጠየቃትም።

17ኛ መልስ። የማደንዘዣ ተማሪ ነው፤ ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሬ ጻፈ። ወፍራም በሽተኛ ከተኛ በኋላ ስለ ሆዱ የሚባለው ይታወቃል። እሱ የሚያስታውሰው ከበሽተኛው ይልቅ ቁስሉን በብረት ስባ የያዘችውን ተማሪ ነው። የእሷም ሰውነት እንደዚያው ነበር። ሁሉም ሲስቅ ዓይኗን ከቁስሉ አላነሳችም፣ እጇ ግን ተንቀሳቅሶ አትንቀሳቀሺ ተባለች። ይህ የአንድ ክፍል ችግር አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት 4,732 የመጀመሪያ ዓመት የአሜሪካ ሕክምና ተማሪዎች ተፈትነው 74 በመቶው በወፍራም ሰዎች ላይ ሳያውቁት የሚያድር አሉታዊ ስሜት፣ 67 በመቶው ደግሞ በግልጽ የሚናገሩት አሉታዊ አመለካከት ተገኝቶባቸዋል። ተማሪው ስለ ገዛ ሰውነቱ የሚሰማው የሚገነባው በዚያ ሳቅ ውስጥ ነው። ሚዛኑን ከክፍል ብታወጡ ያ ሳቅ እስካለ ድረስ ግማሽ መንገድ ነው ብሎ እኔኑ ሞገተኝ። ልክ ነው። ግማሹን ግን አሁን መሄድ እንችላለን።

18ኛ መልስ። የ3ኛው ጸሐፊ እንደገና መጣ። ክብደት ጮክ ብሎ መነበቡ ምንም እንደማያስተምር ተቀበለ፤ የ2ኛውንና የ14ኛዋን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ነው። አቋሙን ሙሉ በሙሉ ግን አልለወጠም። መነካት ጨርሶ ያልለመደ ተማሪ የመጀመሪያው በሽተኛው ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እምቢታው መደበኛ ከሆነ ሁሉም ማስመሰያ አሻንጉሊት እየነካ ይመረቃል አለ። 4ኛዋ ወዲያው መለሰችለት፤ በእሷ ክፍል ፈቃድ ከተጀመረ ወዲህ እምቢ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ቀድሞ ይጠፉ የነበሩትም ይመጣሉ። እኔ እጅን በሰው ሰውነት ላይ ማለማመድ እንደሚያስፈልግ ከእሱ ጋር እስማማለሁ፤ ያ ሰውነት በግድ የተገኘ መሆን አለበት በሚለው ግን አልስማማም።

ከ19ኛ እስከ 21ኛ። ሦስቱም ስለ እርዳታ ፍለጋ ናቸው። አንዱ በተማሪዎች ክሊኒክ ካርድ የሚያወጣው ባለፈው ዓመት አብሮት የተማረ ልጅ ስለሆነ እንደማይሄድ ጻፈ። ሌላዋ የሥራ ፈቃድ ስትጠይቅ ሕክምናዋ እንዳይነሳባት ትፈራለች። ሬዚደንቷ የየአገሩ ደንብ የተለያየ መሆኑን አስረድተው፣ ሳይታከሙ መሥራት ለበሽተኛውም ለራስም የከፋ አደጋ እንደሆነ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በተሻሻለው የጄኔቫ ቃል ኪዳን፣ ሐኪሞች በሚምሉት መሐላ፣ ሐኪሙ የራሱንም ጤና እንደሚጠብቅ የሚምልበት ዐረፍተ ነገር መግባቱን አስታወሱ። ስንመረቅ የምንምለውን ስንማር የሚከለክለን አሠራር መለወጥ አለበት።

22ኛ መልስ። የክፍል ተወካይ የሆነ ልጅ የሚያቀርበው ጽሑፍ ካለኝ ጠየቀ። ከክሩ ያወጣሁትን አስቀመጥኩለት። የልኬት ልምምድ በመከለያ ውስጥ ይሁን፤ ቁጥሩን የተለካው ሰው ብቻ ይያዘው፤ ለስሌት የፈጠራ ቁጥር ይሰጥ፤ ፈቃድ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ይጠየቅ፣ እምቢ ያለ ምክንያት አይጠየቅ፣ ነጥብ አይቀነስበት፤ ከተማሪዎች ክሊኒክ ውጭ የሚታከሙበት ቦታ አድራሻ በልምምድ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ።

23ኛ መልስ። የራዲዮግራፊው ተማሪ አልትራሳውንድ መዘንጋቱን ጠቆመ። ጓደኛ ሆድ ላይ ፕሮቡን ሲያሳርፉ እጢ ወይም እርግዝና ሊገኝ ይችላል፣ ስክሪኑም ለሁሉም ይታያል። መምህሩ ተስማምተው፣ ከልምምዱ በፊት ምን ቢገኝ ለማን እንደሚነገር ተማሪው በጽሑፍ እንዲመርጥ፣ ስክሪኑም ወደ መርማሪው ብቻ እንዲዞር የሚል አንቀጽ ላኩ። አስገብቼዋለሁ። ረቂቁን በሚቀጥለው የትምህርት ክፍላቸው ስብሰባ ላይ ስለሚያቀርቡት፣ በተለይ የጥርስና የአልትራሳውንድ ልምምዱ አንቀጽ ላይ እርማት ያላችሁ ከዚያ በፊት እዚሁ ጻፉልኝ።